የቡርቃ ልጅ

ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ሲ.ኤም.ሲ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ግቢው የራሱ ትልቅ ታንከርና ፓምፕ ስላለው ውሃ ብዙም አይቸግረንም። እንዲያም ሆኖ በቀን ስንት ጊዜ እየተነሳሁ ቧንቧ እንደምከፍት እኔ ነኝ የማውቀው። አልጠማኝም፣ የማጥበውም ዕቃ የለኝም። መኖሩን ላረጋግጥ ብቻ ነው። ከፍቼ፣ ሲወርድ አይቼ፣ ዘግቼ እመለሳለሁ። ተመልሼ ሳልደላደል ደግሞ "በደንብ ዘጋሁት ይሆን?" ብዬ እነሳለሁ።

ይህ አመል ከእናቴ ቤት ነው አብሮኝ የመጣው። እናቴ ያለችው የካ ውስጥ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ዳገቱን መውጣት በሚጀምርበት ሰፈር ነው። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ነው። እዚያ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ። ማክሰኞና ዓርብ ይባላል እንጂ ማክሰኞ ቀርታ ሐሙስ ከተፍ የምትልበት፣ ሁለቱንም ቀርታ ሳምንት ሙሉ የምትጠፋበት ጊዜ ሞልቷል። ሰፈራችን ውሃን የሚያወራላት እንደ ሰው ነው። "መጣች?" "ኧረ አልመጣችም።" "ታች ሰፈር ገብታለች አሉ።" "ገብታ ሄደች!" ላም አለኝ በሰማይ ማለት የኛ ቧንቧ ነው።

ከመምጣቷ በፊት ቧንቧው ያስላል። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ነው ንጹሁ የሚወርደው። ያንን ሳል ለመስማት ቧንቧውን ከፍተን ከሥሩ ባዶ ባልዲ እናስቀምጣለን። የቤተሰቡ ጆሮ እኔ ነበርኩ። ማንም ሳይሰማ እሰማና "መጣች!" ብዬ ስጮህ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ በርሜሉ፣ የወጥ ድስቱ ሳይቀር ይሰለፋል። ትምህርት ቤት ሆኜ እንኳ አስተማሪው ሲያወራ እኔ የማዳምጠው ሌላ ነበር። አሁንም ሰው ሲያወራኝ ግማሽ ጆሮዬ የለም፤ ጓደኞቼ ይህን በደንብ ያውቁታል፣ አንዳንዶቹም ተቀይመውኛል።

ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታችን ስሜን ጠርተው አያውቁም። ሰፈሩ ሁሉ አኮ ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ ሴት አያቴ እንደማለት ነው። አኮ ካወቁኝ ጀምሮ "የቡርቃ ልጅ" ነው የሚሉኝ። ለምን እንደሆነ ማንንም ጠይቄ አላውቅም፣ ምን ይጠየቃል? ስቦርቅ ነዋ ያደግኩት። አጥር ስዘል፣ ጀሪካን ስገለብጥ፣ ከጓሮ ወደ በር ስሮጥ። ቡረቃ ሊሉ ፈልገው አማርኛው ትንሽ ጠመም ብሎባቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔ ደግሞ ኦሮምኛ የማውቀው ሦስት ቃል ነው፤ አኮ፣ ቢሻን፣ እና አንድ እዚህ የማይጻፍ ስድብ። ቢሻን ውሃ ነው፤ ውሃ በጠፋበት ሰፈር እሱን የማያውቅ የለም። ተምሬ፣ ጉርድ ሾላ ቢሮ ገብቼ፣ ጸጉሬ ሸብቶም አኮ "የቡርቃ ልጅ፣ ደህና ነሽ?" ሲሉኝ "ይኸው አርባ ዓመት አላረፍኩም፣ እውነታቸውን ነው" እያልኩ እስቅ ነበር።

ይህች ከተማ ከእንጦጦ አናት ወደ ሜዳው የወረደችው ፍል ውሃ ፍለጋ ነው ይላሉ ትልልቆቹ። ይሁን። እኔ የማውቀው ግን ወንዶቹ ውሃ ፍለጋ ሲወርዱ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ መውጣታቸውን ነው። እናቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ሰፈሩ በእንስራ ነበር የሚቀዳው፤ ከተራራው ሥር ከሚወጣ ምንጭ። ቀጥሎ ቦኖ መጣ። ቦኖ ላይ ሰው አይሰለፍም፣ ድንጋይ ነው የሚሰለፈው፤ ድንጋይሽን በተራሽ ታስቀምጪና ሥራሽን ሠርተሽ ትመለሻለሽ። የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የኛ አንድ ጎኑ የተሸረፈ ጥቁር ድንጋይ ነበር፣ እሱን ወደ ኋላ ከገፋች አንዲት ሴት ጋር እናቴ ሁለት ፋሲካ ሳትነጋገር አልፋለች። ከቦኖ በኋላ የግቢ ቧንቧ፣ ከግቢ ቧንቧ በኋላ ፈረቃ፣ ከፈረቃ በኋላ ጀሪካን በአህያ፣ ከዚያ ቦቴ። እየሠለጠንን ሄድን እንበል፤ አሁን ሮቶ የሌለው ግቢ የለም፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው።

እንዲህ ውሃ ባጣ ቤት ውስጥ ግን አንድ ውሃ የጠገበ ነገር ነበር፤ የእናቴ መኝታ ቤት ግድግዳ።

በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ከጉልበት በታች ሁልጊዜ ያልበዋል። ቀለሙ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። በበጋ ትንሽ ይተነፍስና ክረምት ሲገባ ሻጋታው ሶኬቱ ድረስ ይወጣል። አባቴ ካረፈ ዓመታት ሆኑ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ግድግዳ ጋር ተዋግቷል። ኖራ ቀባው፣ ሲሚንቶ ለሰነው፣ ፕላስቲክ ወጠረበት፣ መጨረሻ ላይ ኮምፖርሳቶ ጣውላ ገጠመበት። ኮምፖርሳቶው በስብሶ ወደቀ። አንድ ግንበኛ "ጌታው፣ ላዩን ከምንቀባ መሠረቱን ቆፍረን እንየው" ሲለው አባቴ በቁጣ ከግቢ እንዳስወጣው አስታውሳለሁ። በሰው ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እያልኩ እኔ በግድግዳው ስቀልድ እናትና አባቴ አይስቁም ነበር። ቀልዱ አልገባቸውም ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ክረምት የእናቴ ሳል ባሰ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። "ክፍሉ ራሱ እርጥበት ነው" አልኩት። "እንግዲያው ከዚያ ትውጣ" አለ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ እሷን ማውጣት ሆነ። ሲ.ኤም.ሲ አንድ ትርፍ ክፍል አለኝ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ። አልጋ ገዛሁ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ደረጃ እንዳይከብዳት መደገፊያው ጠንካራ መሆኑን እየነቀነቅኩ አየሁ። እሷ ግን አትነቃነቅም።

"እማዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ፀሐይ ይገባል። ቧንቧ ስትከፍቺ ውሃ ይወርዳል።"

"እሺ፣ ይደርሳል።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ይደርሳል አልኩሽ። አሁን እኔ ብሄድ አኮን ማን ይቀዳላቸዋል?"

ሁልጊዜ መጨረሻው ይህ ነው። አኮ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ግቢያቸው ቧንቧ የለም። በደህናው ጊዜ አላስገቡም፣ በኋላ ሲፈልጉ ደግሞ ወረቀታቸው አልተሟላም ተባለ። ስለዚህ ከኛ ነው የሚቀዱት። በሁለታችን ግቢ መካከል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ጠባብ በር አለች፤ በፈረቃው ቀን በዚያች ይመጣሉ። ሁለት ትናንሽ ቢጫ ጀሪካኖች አሏቸው፣ እጀታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው። የቤታችን ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ባለ ቀይ ጨርቆቹ ይሞላሉ፣ ከዚያ የኛ። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ሲያናድደኝ ግን ኖሯል። እናቴን "አንቺ እኮ ጽድቅ አበዛሽው" እላታለሁ።

አንድ ዓርብ ነው። ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ በጠዋት መጥቻለሁ፤ ሁለት ሳምንት ውሃ የለም፣ ሮቶው ደርቋል፣ የእናቴ ልብስ በሳፋ ተከምሯል። ሦስት ሰዓት አካባቢ ቧንቧው ሳለ። ስሮጥ ወጣሁ። የወረደችው ግን ቀጭን ክር የመሰለች ውሃ ናት። እናቴ ነጠላዋን አሸርጣ ቀስ እያለች መጣችና ባለ ቀይ ጨርቁን ጀሪካን ከሥሯ ደቀነች። አንደኛው እስኪሞላ ቆምኩ። ሁለተኛውን ስትደቅን ቧንቧው አንዴ ተንፈስ አለና ቀጥ አለ። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ያ ነው የሁለት ሳምንት ውሃ!

ፈነዳሁ። "ለኛ ማሰሮ ጠብታ ሳይገባ ለጎረቤት! ቆጣሪው በማን ስም ነው? እኔ ነኝ ከሥራ ቀርቼ እዚህ የምቆመው፣ አንቺ ነሽ በሳል የምትሞቺው! እስከ መቼ ነው የሰው ሸክም የምንሸከመው?"

"ዝም በይ" አለችኝ እናቴ። ዓይኗ ግን እኔን አያይም፤ ከኋላዬ ነበር የሚያየው።

ዞር ስል አኮ የአጥሩ በር ላይ ቆመዋል። አጎንብሰው አንዲት እጃቸውን ቆርቆሮው ላይ አስደግፈዋል። ጀሪካኖቹን አልነኳቸውም። "አይ፣ የቡርቃ ልጅ" አሉ፣ ያችኑ ብቻ፣ ተመልሰውም ሄዱ። ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ያን ሰዓት ገና ተናድጄ ነበር። ያፈርኩት መገናኛ ደርሼ ታክሲ ስጠብቅ ነው።

ማክሰኞ ውሃዋ ደህና መጣች። አኮ ግን አልመጡም። እናቴ ሁለቱን ጀሪካኖች ሞልታ ጠበቀቻቸው፤ ቆየችና አንዱን ራሷ አንጠልጥላ እስከ አጥሩ በር ሄደች። በሩ ከወዲያ በኩል በሽቦ ታስሯል። እናቴ ጀሪካኑን እዚያው አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣም ረጅም ሳል ሳለች። ውሃ ይዤላት ስገባ ብርጭቆውን ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። ያን ቀን አላናገረችኝም።

ጥፋት ስሠራ ቁጭ ብዬ ይቅርታ መጠየቅ አልችልም፤ ዕቃ እገዛለሁ፣ ወይ ሠራተኛ እጠራለሁ። ስለዚህ ግንበኛ ጠራሁ። አልሄድም ካለች ቢያንስ ግድግዳው ይደርቃል ብዬ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ አፏን ከፈተች።

"ግድግዳውን አትንኪው።"

"ወይ ትሄጃለሽ ወይ ይጠገናል።"

"አባትሽ ያልነካውን አንቺ አትነኪውም!"

"አባዬ ላዩን ሲቀባ ነው የኖረው! ይኸው የደረስንበት!"

እንዲህ ስንጯጯህ ግንበኛው ደረሰ። ከሱሉልታ በኩል፣ ከተራራው ጀርባ የመጣ፣ ቀልደኛ ወጣት ነው። አልጋዋን ወደ ሳሎን አወጣን፤ እናቴ እላዩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እሱ በመዶሻና በመሮ ልስኑን ማራገፍ ጀመረ። ከልስኑ ሥር ሌላ ልስን፣ ከሌላው ልስን ሥር ሌላ፤ አባቴን ንብርብር በንብርብር እየላጥነው መሰለኝ። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ያለውን ሲሚንቶ ወለል ሰበረ። እንደ ወለል ሳይሆን እንደ ክዳን ነበር የወፈረው። እኔ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር እመላለሳለሁ፤ "እትዬ፣ ራሴን አዞሩብኝ እኮ፣ እስቲ ይቀመጡ" አለኝ እየሳቀ።

ሳቁ በድንገት ቆመ። ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ ወደ ጉድጓዱ ከተተ።

"ቡርቃ!" አለ።

የጠራኝ መሰለኝ። "ምን አልክ?"

"ቡርቃ ነው እኮ እትዬ! እርጥበት አይደለም፣ ቡርቃ ነው!"

"ቡርቃ ምንድነው?"

የምቀልድ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። "ምንጭ ነዋ። በኛ ምንጭ ቡርቃ ነው የሚባለው።"

ጠጋ ብዬ አየሁ። በእጅ የተካቡ ድንጋዮች በግማሽ ክብ ቆመዋል፣ ከመካከላቸው ውሃ ከአሸዋ ውስጥ ቀስ እያለ ይገፋል። የጠራ ነው። አንዱ ድንጋይ ጫፉ ላይ ጎድጉዷል፣ ብዙ ዘመን እንስራ ያስደገፉበት። ስለ ውሃው ግን አልነበረም ያን ሰዓት ያሰብኩት፤ ስለ ስሜ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ የቤተሰቡ ጆሮ ነበርኩ፣ በአርባ ዓመት አንዲት ቃል መስማት አቃተኝ።

ሳሎን ገባሁ። እናቴ ሳትዞር "አገኛችሁት?" አለችኝ።

"ታውቂ ነበር?"

ተነስታ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተናገረችው "አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም" ብላ ነው፤ እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ወሬ መጨረሻው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ቆሜ ሰማኋት። ቦታው ለአባቴ ሲሰጠው ምንጩ ጥጉ ላይ ነበር። ከላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዱት፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትም ሸክማቸውን አውርደው እዚያ ይጠጣሉ። አኮ ያኔ እንስራ የሚያዝሉ ወጣት ሚስት ነበሩ። እናቴ ራሷ ሙሽራ ሆና የቀዳችው ከዚያው ነው። አባቴ ሮጦ፣ ደጅ ጠንቶ፣ በሰፈሩ የመጀመሪያውን የግቢ ቧንቧ አስገባ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ቤቱ ሙሉ እንዲሆን ምንጩ ላይ ማረፍ ነበረበት። "ቧንቧ እያለ የምን ምንጭ፣ ልጅ ይገባበታል" አለና ድንጋይ ሞልቶ፣ ሲሚንቶ አፍስሶ፣ ግድግዳውን አቆመበት።

"አኮ እንስራቸውን እንዳዘሉ መጥተው ቆሙ" አለች እናቴ። "አባትሽ ደነገጠ። 'ከዛሬ ጀምሮ ቧንቧው የእርስዎም ነው፣ ከኛ በፊት ይቀዳሉ' አላቸው። እንስራውን ራሱ ነው የሞላላቸው። ያኔ ቧንቧው ሌት ተቀን ነበር የሚወርደው። ይደርቃል ብሎ ማን አሰበ?"

"ሲደርቅስ?"

"ሲደርቅማ ዓይናቸውን ማየት አቃተው። ቆፍሬ ላውጣው ይላል፣ ቤቱ ይፈርሳል ይላል፣ ይቀባዋል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል። ሊሞት ሲል አደራ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ 'መጀመሪያ ለሳቸው'። አደራ ጥዬ ነው ሦስተኛ ፎቅ የምወጣው?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አባትሽን እንዳትጠዪው ነዋ።"

አልጠላሁትም። ያን ዓርብ የጮህኩት ነገር ግን ወደ ጆሮዬ ተመልሶ መጣ፤ የሰው ሸክም ነበር ያልኩት። የማን ሸክም በማን ላይ እንደነበረ አሁን ገባኝ። በአጥሩ በር መሄድ አልችልም፣ በሽቦ ታስሯል፤ በመንገዱ ዞሬ በአኮ ዋና በር ገባሁ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ።

"አኮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"በምኑ?"

"በዓርቡ።"

"እሱን ረስቼዋለሁ" አሉ። ረስተውት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

"አኮ፣ ምንጩን አገኘነው።"

ምስሩ ላይ የነበረች ጣታቸው ቆመች። ቀና አላሉም።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ። ድምፄ ወቀሳ ይመስል ነበር፣ ወቀሳው ግን በእሳቸው ላይ አልነበረም።

"ስነግርሽ አይደል እንዴ የኖርኩት?" አሉኝ ያን ጊዜ ቀና ብለው። "ገና ከእናትሽ ጀርባ ሳትወርጂ። የቡርቃ ልጅ አልኩሽ፣ እላዩ ላይ ነው የተወለድሽው። ሌላ ሰው ቡርቃ የሚል አልቀረም፤ አንቺን ስጠራ እሱንም እጠራለሁ። አንቺ ግን ትስቂያለሽ፣ ትሮጫለሽ።"

ክንዳቸውን ይዤ በመንገዱ ዞረን መጣን። እናቴ ሳሎን ቆማ ጠበቀቻቸው። "አገኘችው" አለቻቸው። አኮ ክፍሉ ውስጥ ገቡ፤ ግንበኛው ደግፏቸው ተንበረከኩ። እጃቸው ያችን የጎደጎደች ድንጋይ ሳይፈልግ አገኛት። ውሃውን ነክተው ለግንበኛው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት፣ እሱም መልሶ አላቸው፣ ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳሉ ስጠይቀው "'ቅዝቃዜዋ አሁንም አልለቀቃትም' ነው ያሉት" አለኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

እኔማ መቀመጥ አልችልም፣ ውሃውን በጠርሙስ ይዤ የሚመረምር የማውቀው ሰው ጋ ሮጥኩ። ለልብስና ለዕቃ ይሁን፣ ለመጠጥ ግን ሳይፈላ እንዳይነካ አለኝ። ከላያችን ያለው ዳገት በቤት ተሞልቷል፣ እያንዳንዱ ቤት ደግሞ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለው፤ ስንት ዘመን የቆየውን ውሃ ላዩ ላይ ሰፍረን እኛው አበላሸነው። ለአኮ ይህን መንገር ከበደኝ። "ከላይ ማን እንዳለ አያለሁ እኮ፣ አፈላዋለሁ" ብለው ዘጉት። ግንበኛው ድንጋዮቹን ሳያፈርስ ከሥራቸው ቱቦ ቀበረ፣ ቱቦውን ከአጥሩ ሥር አሳልፎ በአኮ ጓሮ አወጣው። ውሃው መሄጃ ሲያገኝ ግድግዳው በሳምንቱ መድረቅ ጀመረ። እንደዚያ ቀላል ነበር፤ አባቴን ባየሁት ብዬ ያን ዕለት አለቀስኩ።

በቀጣዩ ዓርብ በጠዋት መጣሁ። ባልዲውን ደቅኜ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ጆሮዬን ጣልኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ ሳል የለም። ሰፈሩ "መጣች?" "አልመጣችም" ይባባላል። እየተመላለስኩ ሳለ ከአጥሩ በር ሽቦ ሲፈታ ሰማሁ። አኮ ባለ ቀይ ጨርቅ ጀሪካናቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ አመጡ፤ አቁመውት ተመለሱና ሁለተኛውን ደግሞ ጎተቱ። ሮጬ ልቀበላቸው ስል እጄን ገፋ አደረጉት።

"አኮ፣ ለራስዎ ሳይቀዱ?"

"መጀመሪያ ለናንተ" አሉ እያለከለኩ። "ተዪኝ፣ ዛሬ የኔ ፈረቃ ነው።"

እናቴ መጥታ ሁለቱንም ጀሪካኖች በሁለት እጇ ተቀበለች። አኮ ወደ ግቢያቸው ተመለሱ። እናቴ ውሃውን ሳፋ ላይ ገልብጣ፣ አጎንብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች። አንዱን አጥባ ደፋችው፣ ሁለተኛውን አጥባ ደፋችው።

"ያ ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ነው ያልሽው?" አለችኝ።

መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። "ሦስተኛ" አልኳት።

"ፀሐይ ይገባል አልሽ?"

"ይገባል፣ እማዬ።"

ባዶውን ባልዲ ከቧንቧው ሥር አነሳሁ፣ ገለበጥኩት፣ እላዩም ላይ ቁጭ አልኩ።